የማይከፈተው የቀኝ በር

እኔ መኪና የምሠራው ስፈራ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ለጊዜ ማሳለፊያ ነው» እላለሁ። ቤቴ የገባ እንግዳ መደርደሪያው ላይ ክንድ የማያክሉ አይሱዙዎች፣ አንዲት ባጃጅ፣ አንድ አምቡላንስና አንድ የውሃ ቦቴ ተደርድረው ሲያይ፣ «ወይ እጅ! መቼም ሥራ ፈት ነሽ» ይለኛል። እኔ እያንዳንዳቸውን ሳያቸው በየትኛው ፍርሃት እንደሠራኋቸው አውቃለሁ። ባጃጇን የሠራኋት ከተማው ውስጥ ተኩስ ተሰምቶ ከቤት አትውጡ በተባልንበት ሰሞን ነው። አምቡላንሱን የጀመርኩት አሁን እናቴ ጋ የምትኖረው ልጄ በወባ ተይዛ፣ ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ካለችው ጠባብ ክፍላችን እስከ ሆስፒታሉ በሰው ትከሻ ከሄደች በኋላ ነው። አይሱዙዎቹ ግን ሁሉም የባሌ ናቸው።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጋምቤላ ሩዝና ጨው፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ጭኖ ወደ መቲ ይወጣል፤ ከመቲ ሙዝ ጭኖ ይወርዳል። መንገዱ አብዛኛው ጫካ ነው፤ ጫካው ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የለም። የከተማውን መውጫ ኬላ ካለፈ በኋላ ስልኩ ላይ ስደውል የምታነሳልኝ ያቺ «ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም» የምትለው ሴትዮ ናት። በሕይወቴ እንደሷ የጠላሁት ሰው የለም። ድምፅዋ ደግሞ እርጋታው! የሰው ባል ጫካ ገብቶ ሲቀር እንደዚያ ተረጋግቶ ይነገራል?

ፈሪ ለናቱ ይላሉ። እኔ ፍርሃቱን ከናቴ ነው የወረስኩት። የተወለድኩት አቦቦ አጠገብ፣ ከቁጥር በቀር ስም ባልነበረው ሰፈራ መንደር ነው። ወላጆቼን በድርቁ ጊዜ ከወሎ ያመጣቸው የጭነት መኪና ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ሩቅ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ድምፅ ስትሰማ ሥራዋን አቁማ ልጆቿን በዓይኗ ትቆጥራለች። አሁን ትልልቅ ሆነን ተበትነንም እንኳ ትቆጥራለች። «መኪና መውሰድ እንጂ መመለስ አያውቅም» ትለን ነበር። ልጅ ሆኜ የመጀመሪያዋን መኪና ከዘይት ቆርቆሮ የሠራሁት ለሷ ነው፤ ትንሽ አድርጌ ብሰጣት የማትፈራ መስሎኝ። ተቀብላኝ ገለበጠችና ሆዱን አየች፤ «ይሄስ የት ይወስደኛል» ብላ ሳቀች። በመኪና ምክንያት ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የሰው ደም ውስጥ ወባ እፈልጋለሁ። ሥራው ዓይንን ትንሽ ነገር ያስለምዳል፤ እጅንም ያረጋጋል። መኪኖቼ ከድሮዎቹ የሚለዩትም ለዚህ ነው። ባሌ የሚነዳትን አይሱዙ በልብስ ሰፊ ሜትር ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለክቼ፣ ሁሉን ለሃያ አካፍዬ ነው የምሠራት። ስለካት ከጎማው ሥር ተቀምጦ ያየኛል። «ምነው፣ ልብስ ልትሰፊላት ነው?» ይላል።

አካሏ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። ጎማዋ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ የጎማው ዘንግ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ። ለመስታወቷ የተጣለ የራጅ ፊልም እሰበስብና በበረኪና እዘፈዝፈዋለሁ፤ የሰውየው አጥንት ታጥቦ ይሄድና ጥርት ያለ መስታወት ይቀራል። ቀለሙን ባሌ ነው ያመጣልኝ፤ መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ጋቢናዋ ሲቀባ ከጣሳው ሥር የተረፈውን ሰማያዊ በላስቲክ ቋጥሮ። ስለዚህ መደርደሪያዬ ላይ ያለችው ትንሿ አይሱዙና መንገድ ላይ ያለችው ትልቋ የተቀቡት አንድ ቀለም ነው። በበጋ ጋምቤላ ውስጥ ሙጫ አይጠነክርም፤ ይለሰልሳል፣ ይላላል። ጠዋት ያጣበቅኩት የጭነት ሳጥኗ ስፖንዳ ከሰዓት ወልቆ አገኘዋለሁ። እንደዚያ ሲሆን እንደ ሰው እሰድበዋለሁ።

በሮቹ ግን ችግር ነበሩ። የሾፌሩን በር፣ የግራውን፣ በመርፌ ማጠፊያ ሠርቼለት ይከፈታል፤ ይዘጋል። የቀኙን ሁልጊዜ አጣብቄ እተወዋለሁ። ሁለት በር በዚያች ቀጭን ቆርቆሮ ላይ ከቆረጥኩ ጋቢናው አቅም ያጣል፤ ደግሞም እኔን የሚያሳስበኝ ሾፌሩ ነው። ባሌ በዚህ ያሾፍብኛል።

«ረዳቱ በየት ይግባ? በጭስ ማውጫው?»

«አንተ ረዳት የለህም።»

«እንግዳ ብጭንስ?»

«አትጫን።»

እውነተኛዋ መኪና ላይም ቢሆን የቀኙ በር ደህና አልነበረም። አንድ ጊዜ ግንድ መትቶት ከዚያ ወዲህ ይነክሳል፤ ከውስጥ ለመክፈት በእግር መምታት ነው። ባሌ «እንደ ሾፌሩ ሚስት፣ ሳይቆጡት አይሰማም» ይል ነበር። ደግነቱ ብዙ ሰው አይቀመጥበትም ነበር።

ረዳት ያልያዘው ብቻውን ስለማይሄድ ነው። ባሌ የሚሠራለት ነጋዴ ሁለት መኪና አንድ ላይ ገዝቶ ነበር፤ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም ሲታዩ መንታ። ሁለተኛውን የሚነዳው ጎረቤታችን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እኛ ግቢ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን እንኖራለን። ሁለቱ ሾፌሮች አንዱ ካልተነሳ ሌላው አይነሳም። አንዱ ጎማ ሲፈነዳበት ሌላው ይወርዳል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቆማል። ሚስቱ የኢታንግ ልጅ ናት፤ ገበያ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። አማርኛን የለመደችው እዚያው ገበያ በመሆኑ ንግግሯ አጭር ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። እኔ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ነገር ስናገር እሷ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝና፣ «እሺ። ምን ፈለግሽ?» ትለኛለች።

የባሌን መኪና ሠርቼ የጨረስኩ ዕለት መደርደሪያው ሥር ቆማ ብዙ ካየች በኋላ፣ «የኔ ባልስ? እሱ መኪና የለውም?» አለችኝ። አፈርኩ። በሚቀጥለው ጉዟቸው ላይ የሷን ሠራሁ። መንታ ናቸው እንጂ ትንሽ ትንሽ ልዩነት አላቸው፤ ትልቁ ልዩነት ጋቢናው አናት ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ነው። የባሌ መኪና ፖርቶመጋላ ከአንግል ብረት የተበየደ፣ ጠርዙ ሹል ነው። የሷ ባል ክብ ቱቦ አስበይዷል። ለኛዋ የሰርዲን ቆርቆሮ በማዕዘን አጠፍኩ፤ ለሷ የጃንጥላ ሽቦ በክብሪት እሳት አለስልሼ አጎበጥኩ። ያኔ ይህን ያህል መጠንቀቄ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ መኪናዋን ልብስ ሳጥኗ ላይ አፍንጫዋን ወደ ቤት ውስጥ አዙራ አስቀመጠቻት። «ወደ በሩ ብታዞሪያት ያምርባታል» ብላት፣ «አይ። መምጣት ነው ያለባት» አለችኝ። ያን ቀን ማታ እኔም የኔን አዞርኩ።

አንዱ ጉዟቸው ግን ገና ከጅምሩ አላማረኝም። መንገድ ላይ ታጣቂዎች ታዩ የሚል ወሬ ከተማ ውስጥ ነበር። ለባሌ «ትንሽ ቆዩ» አልኩት፤ «ሙዝ ትንሽ ቆይ ቢሉት ይሰማል?» ብሎኝ ወጣ። እኔም እንደ ልማዴ ሥራ ጀመርኩ፤ በዚህኛው ትራክተር። አልዌሮ ግድብ አካባቢ የሩዝ እርሻ ውስጥ ካየኋቸው አንዱን። የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ትራክተሩ ጎማ አልነበረውም። ቀኑ አለፈ። በማግስቱም አልመጡም። ትራክተሩን ጨረስኩት፤ አስቀያሚ ትራክተር ነው፤ ዛሬም ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሥራ አልነበረኝም፤ እሷም ገበያ አልወጣችም። ግቢያችን መሐል ባለው ማንጎ ሥር ሰሌን አንጥፈን፣ ሩዝ እየለቀምን እንዳልፈራን ሆነን ተቀምጠናል። አከራያችን፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ደጃቸው ላይ ወንበር ላይ አሉ። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል። ሁልጊዜ ባጃጁን እያጓራ እስከ ማንጎው ድረስ ነበር የሚገባው፤ ያን ቀን በር ላይ አጥፍቶ በእግሩ ገባ። ሞተሩ ጠፍቶ ሰውየው ሲመጣ ሳይ የሩዙን ሰፌድ መሬት አስቀመጥኩ። ወደ እኛ አላየም። በቀጥታ እናቱ ጋ ሄዶ ስልኩን አሳያቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ፈለጉ፤ አደረጉ፤ ካዩ በኋላ ቀና ብለው እኛን አዩን። ሁለታችንንም፣ ተራ በተራ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ተረት ነው፤ ትርጉሙ የገባኝ አከራያችን ዓይን ውስጥ ነው።

«ምንድን ነው?» አለች ጎረቤቴ።

ልጁ ስልኩን ሰሌኑ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ራቀ። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፎቶ ነው። ጫካ መሐል መንገድ ዳር አንድ አይሱዙ ተቃጥሎ ቆሟል። ጎማዎቹ ነድደው መኪናው በሆዱ ተቀምጧል። ታርጋው የለም። ከጋቢናው በር ሥር፣ እሳቱ ያልደረሰበት እጅ የማያህል ቦታ ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ያን ሰማያዊ በብሩሽ ጫፍ ስንት ጊዜ ቀብቼዋለሁ! ክው ብዬ ቀረሁ። መኪናው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ፎቶው ላይ የለም። ስለ ሾፌር የተጻፈ ነገርም የለም።

የግቢው ሰው ተሰበሰበ። «ሁለቱም ሰማያዊ ነው፤ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ። «ምናልባት የሌላ ሰው ነው» ያለም አለ። ሁሉም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ያኔ አከራያችን ክፋት አስበው ሳይሆን በጣታቸው ወደኔ አመለከቱ።

«እሷ ታውቃለች። እሷ አይደለች የሠራቻቸው? ስጧት ትየው።»

ስልኩን እጄ ላይ አደረጉት። ማየት አልፈለግሁም፤ ቀድሜ ግን አይቼ ነበር። ዓይኔ ሳልፈቅድለት ቀጥ ብሎ ጋቢናው አናት ላይ ሄዶ ነበር። ፖርቶመጋላው በእሳቱ ጎብጧል፤ ጠቁሯል፤ ነገር ግን ክብ ነው። ቱቦ ነው። አንግል ብረት አይደለም።

የኛ አይደለም። ውስጤ «ተመስገን» አለ፤ አፌን ሳልከፍት፣ ግን በሙሉ ድምፅ። ከዚያ ቀና ስል ጎረቤቴ ከስልኩ ይልቅ ፊቴን እያየች ነው። ገበያ ላይ የሰው ፊት አይታ ዋጋ የምትቆርጥ ሴት ናት። እንደዚያ ቀን ሰው ሲያየኝ ፈርቼ አላውቅም።

«አይለይም» አልኩ። «ጭሱ ሸፍኖታል።»

«ጭስ የለም» አለች።

እውነቷን ነው፤ ጭስ አልነበረም። ፎቶው የተነሳው ሁሉ ነገር ነድዶ ከበረደ በኋላ ነው።

ተነሣች። መጀመሪያ ወደኔ ቤት ገባች፤ ቀጥሎ ወደ ራሷ። ሁለቱን ትንንሽ አይሱዙዎች በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ሰሌኑ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ፎቶውን በጣቶቿ አጎላችው። የኔን መኪና አየች፤ ፎቶውን አየች። የሷን አየች። እኔ ያን ጊዜ የተመኘሁትን ማን ያምናል? እጄ ሥራ የማያውቅ ቢሆን ተመኘሁ። የጃንጥላውን ሽቦ ሰንፌ ትቼው ቢሆን፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ለጥፌ ቢሆን፣ አሁን ማንም አያውቅም ነበር፤ እሷም እስከ ማታ ድረስ ባል ይኖራት ነበር።

ጣቷ ሽቦው ላይ ቆመ። ዳበሰችው። ከዚያ የኔን መኪና አንሥታ እጄ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

«ያንቺ ይመጣል» አለችኝ።

በቅናት አልነበረም፤ በቁጣም አልነበረም። ዓሣው ትኩስ ነው ወይም አይደለም እንደምትለው ነው ያለችው። የሷን መኪና ጉያዋ ውስጥ አድርጋ በሻርፗ ሸፈነቻት።

አንዷ ጎረቤት እሪ ልትል አፏን ስትከፍት አከራያችን ወንበራቸውን በከዘራቸው መቱ። «ዝም በዪ! ሰውየው ሳይታይ አይለቀስም። ቆርቆሮ ነው የተቃጠለው!» አሉ። ሴትዮዋ ዝም አለች፤ ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ልቅሶ ያልተፈቀደበት ለቅሶ ቤት ሆንን። አንዱ ውሃ አመጣ። ልጁ ወደ ኬላው ሄዶ እንዲጠይቅ ተላከ፤ ስልኩንም ይዞ ሄደ።

እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የት ልሂድ? እጇን ልይዛት ፈለግሁ፤ በየትኛው እጄ እንደምይዛት አላወቅሁም፤ አንደኛው እጄ ውስጥ ያልተቃጠለችው መኪና ነበረች። ደግሞም የኔ ፍርሃት አልሄደም ነበር። ሁለቱ አይለያዩም። አንዱ ተቃጥሎ ሌላው የት ሄደ? ባሌ ጓደኛውን ጥሎ የሚያመልጥ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ አላመለጠም፤ ስለዚህ ጫካው ውስጥ ሌላ ሰው ገና ፎቶ ያላነሣው ሰማያዊ መኪና አለ። እንዲህ እያልኩ አስባለሁ፤ ወዲያው ደግሞ «ያንቺ ይመጣል» ያለችኝን አስባለሁ። ፀሐዩ ማንጎውን አልፎ ሰሌኑ ላይ ወጣ። የተነሣ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ነው ድምፁን የሰማሁት። የባሌ መኪና ማርሽ ሲቀየር መጨረሻው ላይ ታፏጫለች። መኪና ሁሉ ድምፅ አለው፤ ያን ፉጨት ግን በሺህ መሐል እለየዋለሁ። ጫማ ሳላደርግ ወጣሁ። ከመንገዱ ጥግ ታጥፋ መጣች፦ ሰማያዊ ጋቢና፣ ሹል ጠርዝ ያለው ፖርቶመጋላ፣ ከስፖንዳው በላይ የተከመረ ሙዝ። ሙዙ ከመብሰል አልፎ ጠቁሮ ነበር፤ ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ። መስታወቷ በጭቃና በአቧራ ተሸፍኖ ውስጡ አይታይም። ክላክስ አላደረገም። ሁልጊዜ ያደርግ ነበር፤ ለምን እንዳላደረገ ግን የገባኝ መሰለኝ። የጓደኛው ሚስት ግቢው ውስጥ አለች፤ በምን አፉ ክላክስ ያደርጋል?

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ጎረቤቴ አልተነሣችም። ሞተሩን ሰምታለች፤ አንገቷን ደፍታ ጉያዋን አቅፋ ነበር።

መኪናዋ ቆመች። የግራው በር ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው እግር ነው።

ባሌ አጭርና ደልዳላ ሰው ነው። ከመኪና ሲወርድ ፊቱን ወደ ወንበሩ አዙሮ፣ እጀታውን ይዞ፣ እንደ ሕፃን በጀርባው ነው የሚወርደው። የወጣው እግር ረጅም ነበር፤ ቀጭን ነበር፤ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ መሬት ነካ። የወረደው የጎረቤቴ ባል ነው።

ከኋላዬ ግቢው ጮኸ። ጎረቤቴ ስትነሣ ትንሿ መኪና ከጉያዋ ስትወድቅ ሰማሁ። በአጠገቤ አልፋ ሮጠች፤ ትከሻዋ መታኝ። ባሏ ላይ ስትደርስ አላቀፈችውም፤ ሸሚዙን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እኔ ያየሁት እሱን ነው። እሱ ደግሞ በሷ ራስ ላይ አሻግሮ የሚያየው እኔን ነው። ኬላው ላይ ስለ ፎቶው ነግረውታል፤ ፊቱ ደርቋል፤ ለመናገር አፉን ከፍቶ ቃል አጣ። እጁን አንሥቶ ወደ መኪናው አመለከተ።

ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ነገር ሁሉ በዚያች ጣት ፈረሰ። መኪና ማወቅ ሰው ማወቅ መስሎኝ ነበር! ቱቦ ነው፣ አንግል ብረት አይደለም፣ ብዬ ባሌን ያተረፍኩ መስሎኝ ተመስገን ብያለሁ። እዚያ የተቃጠለው መኪና ውስጥ ማን እንደነበር በምን አወቅሁ? የሷ ባል በኔ ባል መኪና ከመጣ፣ የኔ ባል በምን ይመጣል? ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር። ሄጄ በሩን መክፈት ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። የቀኙን በር ዝም ብዬ አየሁት። እኔ ሁልጊዜ የማጣብቀውን በር።

በሩ ከውስጥ ተመታ። አልተከፈተም።

እንደገና ተመታ፣ ደከም ብሎ። ስንት ዓመት ሙሉ ባሌ ዕቃ ሊያወርድ ያን በር ሲደበድብ ሰምቼ «አሠራው እንጂ!» እያልኩ ስነጫነጭ ኖሬያለሁ። አሁን አየር መሳብ አቁሜ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ባለ በሌለ ጉልበት ተመታና በሩ ጮኾ ተከፈተ።

ባሌ በዚያ የጋምቤላ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ፊቱን ወደ ወንበሩ አዙሮ በጀርባው ወረደ። ዞሮ ሰዉን ሁሉ አየና፣ «ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?» አለ።

አልሮጥኩም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የተነሣሁት አከራያችንና ከመኪናዋ ኋላ ከኬላው የደረሰው ልጃቸው ደግፈውኝ ነው ይሉኛል፤ እኔ አላስታውስም።

ነገሩ በኋላ ሲነገር እንዲህ ቀላል ነበር። የጓደኛው መኪና ጫካው ውስጥ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ቆመ። ሙዙን ወደ ባሌ መኪና ገልብጠው፣ መኪናውን መንገድ ዳር ቆልፈው ዕቃ ሊፈልጉ አብረው ሄዱ። ባሌን ወባ ጣለው። አንድ የጫካ መንደር ውስጥ ተኝቶ ቆየ፤ ትንሽ ሲሻለው ጓደኛው መሪውን ይዞ በአቦቦ በኩል ዞረው መጡ። የተቆለፈውን መኪና ማን እንዳቃጠለው ዛሬም አይታወቅም። ባሌ ኬላው ላይ ተኝቶ ስለነበር ምንም አልሰማም። ጓደኛው ሲያመለክተኝ «እዚያ ነው፣ ታሟል» ሊለኝ ነበር፤ በድንጋጤ ቃሉ ጠፍቶበት ነው።

ያን ዕለት ላቦራቶሪውን አስከፍቼ የባሌን ደም ራሴ አየሁ። ስላይዱ ላይ ጠብታውን ስዘረጋ ሁለት አበላሸሁ። እንደዚያ ሆኖብኝ አያውቅም። ሦስተኛው ላይ ወባዋን አገኘኋት፤ እንደዚያች ወባ የወደድኩት ነገር የለም።

በሳምንቱ የቀን ሥራዬን ስጨርስ ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መኪኖች አንድ በአንድ እያወረድኩ የቀኝ በራቸውን መቁረጥ ጀመርኩ። አንዱ ጋቢና አቅም አጥቶ ታጠፈ፤ ከውስጥ በሰርዲን ቆርቆሮ ደገፍኩት። ጎረቤቴ ገብታ ቆማ አየችኝ። ወጥታ የሷን መኪና አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች፤ ከጉያዋ ስትወድቅ አንድ ጎማ ጎድሏታል። ትልቋ አሁን የለችም፤ ባሏም ለጊዜው ከባሌ ጋር አንዷን መኪና በፈረቃ ይነዳል።

«የኔንም ክፈቺ» አለችኝ።

የሷን መጀመሪያ ሠራሁ። ማጠፊያውን ካስገባሁ በኋላ ወስዳ ሳጥኗ ላይ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ አዙራ አስቀመጠቻት።

ባሌ እስኪያገግም አልጋ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። «በመጨረሻ ረዳት ቀጠርሽልኝ?» አለ። አሁን ይህን ስጽፍ ሁለቱም መንገድ ላይ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ያቺ ሴትዮ ናት ስልኩን የምታነሳው። እውነተኛዋ መኪና በሯ ተሠርቶላታል፤ ራሴ ጋራዥ ድረስ ሄጄ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ቤት ያለችውን ደግሞ አሁን ጠረጴዛው ላይ አምጥቻታለሁ። ጣቴን በግራው በር አስገብቼ የቀኙን ከውስጥ ገፋ አደርገዋለሁ። ይከፈታል። እዘጋውና እንደገና እገፋዋለሁ።